ብቻዬን ከቤት መውጣት አቃተኝ፤ ይህ ምን ዓይነት ሕመም ነው? ይድናልስ?

ጥያቄዎ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው ሲጓዙ ድንገት ልብዎ ድው ድው ማለት ጀመረ፤ ትንፋሽ አጠረዎት፤ ጣቶችዎ ደነዘዙ፤ «አሁን መሞቴ ነው» ብለው ከመድረሻዎ በፊት ወረዱ። ድንገተኛ ክፍል የተደረጉልዎት የልብና የደም ምርመራዎች ምንም ችግር አላሳዩም። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ አውቶቡስን፣ ቀጥሎ ሊፍትንና ባንክ ውስጥ ወረፋ መጠበቅን፣ በመጨረሻም ብቻዎን ከሰፈር መራቅን ተዉ። ዛሬ እህትዎ ከሌሉ አይወጡም፤ ሥራዎንም ለቀዋል። ሐኪም ያዘዘልዎትን የማረጋጊያ ክኒን አንድም ቀን ሳይውጡት ከውሃ ጠርሙስ ጋር በቦርሳዎ ይዘው ይዞራሉ። ባለቤትዎ «ራስሽን አበርቺ» ከማለት በቀር ሌላ የሚሉት የላቸውም። የሚጠይቁት፣ ይህ እብደት ነው ወይ፣ ይድናል ወይ፣ ፍርሃቱ እስኪቀንስ ልጠብቅ ወይ፣ ክሊኒክ ድረስ መሄድ ካልቻልኩስ እንዴት ልታከም የሚል ነው።

በመጀመሪያው ልጀምር፤ እብደት አይደለም። ከእውነታው ጋር ያለዎት ግንኙነት አልተቋረጠም፤ ፍርሃቱ ከሁኔታው ጋር እንደማይመጣጠን እርስዎ ራስዎ ጽፈዋል። በጽሑፍ በቀረበ ጥያቄ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ሕመምን መወሰን ተገቢ ስላልሆነ የመጨረሻውን ቃል ፊት ለፊት ለሚመረምርዎት ባለሙያ እተዋለሁ፤ ነገር ግን የገለጹት ሁሉ አጎራፎቢያ ተብሎ ከሚታወቀው የጭንቀት ሕመም ጋር በሚገባ ይገጥማል። ሕመሙም አዲስ አይደለም። ካርል ቬስትፋል የተባለው የበርሊን የነርቭና የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1871 ሰፊ አደባባይ ሲያቋርጡ ወይም ሰው በሌለበት ጎዳና ሲሄዱ በከባድ ፍርሃት የሚያዙ ሦስት ታካሚዎችን መዝግቦ ስሙን ሰጥቶታል። ሦስቱም ወንዶች ነበሩ፤ ይህን የምጠቅሰው ሕመሙ የሴቶች ድክመት ነው የሚል አስተያየት አሁንም ስለሚሰማ ነው። እርግጥ ነው፣ በሴቶች ላይ በወንዶች ላይ ከሚታየው እጥፍ ያህል ይታያል፤ ይሁን እንጂ ከጾታም ሆነ ከጉብዝና ጋር የተያያዘ ፍርድ አይደለም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ መሠረት ሕመሙ የሚታይባቸው ሁኔታዎች አምስት ናቸው፤ እነርሱም የሕዝብ ማመላለሻ፣ ሰፊ ክፍት ቦታ፣ የተዘጋ ቦታ፣ ወረፋ ወይም ሕዝብ የተሰበሰበበት ስፍራ፣ እንዲሁም ብቻን ከቤት ውጭ መሆን ናቸው። አንድ ሰው ከነዚህ ቢያንስ ሁለቱን የሚፈራ ከሆነ፣ ፍርሃቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ቦታዎቹንም የሚሸሽ ወይም በሰው አጀብ ብቻ የሚደፍር ከሆነና ኑሮው ከተቃወሰ ምርመራው ወደዚህ ያመራል። ወሳኙ ግን የፍርሃቱ ይዘት ነው። ሊፍትን ይበጠሳል ብሎ የሚፈራ ሰውና ሰዎች ይታዘቡኛል ብሎ ከስብሰባ የሚቀር ሰው ሌላ ዓይነት ችግር አለባቸው። አጎራፎቢያ ያለበት ሰው የሚፈራው «እዚያ ሳለሁ አንድ ነገር ብሆን መውጫ የለኝም፤ የሚደርስልኝም የለም» የሚለውን ነው። አውቶቡስ፣ ሊፍትና የባንክ ወረፋ በመልክ የማይገናኙ ሆነው ሳለ በእርስዎ ዘንድ አንድ ዝርዝር ውስጥ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚሁ መመሪያ ግምት መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከወጣቶችና ከአዋቂዎች 1.7 በመቶ ያህሉ ይህ ሕመም ይኖርባቸዋል፤ ብዙዎቹን የሚጀምራቸውም ከ35 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ያለ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የሚለቃቸው ከአሥር አንድ ያህሉን ብቻ መሆኑንም መመሪያው ያስቀምጣል። ስለዚህ በራሱ ጊዜ ያልፋል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። በአንጻሩ በአግባቡ ሲታከም መልካም ውጤት ከሚገኝባቸው የአእምሮ ሕመሞች አንዱ ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ የደረሰብዎት ነገር በተለምዶ ፓኒክ አታክ የሚባለው ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ይመስላል። ሰውነታችን አደጋ ሲገጥመው ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚያዘጋጀን ሥርዓት አለው፤ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ደምን ወደ ጡንቻዎች በፍጥነት ይረጫል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል። ለሚሮጥ ሰው ይህ ሁሉ ይጠቅመዋል፤ አንድ ቦታ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ዝግጅቱ ያለ ሥራ ይቀራል፤ ሰውየውም የራሱን ሰውነት መከታተል ይጀምራል። ትንፋሽ ሰውነት ከሚፈልገው በላይ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮችም ለጊዜው ይጠባሉ። ማዞሩ፣ የጣትና የከንፈር መደንዘዙ፣ ዙሪያው ሁሉ ሕልም መስሎ መታየቱ በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው። አየር ያጠረዎት ይመስልዎታል እንጂ የተነፈሱት ከሚገባው በላይ ነው።

«ራሴን ስቼ እወድቃለሁ» የሚለው ስጋትዎ ከሌሎቹ ሁሉ እንደሚበልጥ ስለጻፉ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ራሱን የሚስተው በአብዛኛው የደም ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ነው፤ በፍርሃት ጥቃት ጊዜ ግን የልብ ምትም የደም ግፊትም ከፍ ስለሚል በጥቃቱ መካከል ራስን መሳት እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነገር ነው። ደም ሲያዩ ወይም መርፌ ሲወጉ የሚወድቁ ሰዎች አሉ፤ የእነርሱ ችግር አሠራሩ የተለየ ስለሆነ ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም። እግርዎ ሲብረከረክና ዓይንዎ ሲጭለመለም ልወድቅ ነው ብሎ ማሰብ ያለ ነገር ነው፤ ሆኖም ስሜቱ የውድቀት ማስጠንቀቂያ አይደለም። ጥቃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ሰውነት በራሱ ማርገቢያ ሥርዓት ይበርዳል። ወርደው ባይሮጡም ኖሮ መብረዱ አይቀርም ነበር።

ብሪታኒያዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ማብራሪያ ዛሬም የሕክምናው መሠረት ነው። ጥቃቱን የሚያቀጣጥለው ለተሰማን ነገር የምንሰጠው ትርጉም ነው ይላል። ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ ሰውየው «የልብ ድካም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ ፍርሃትን ይጨምራል፤ ፍርሃቱ ደግሞ ልብን ይበልጥ ያፈጥናል። ለመጀመሪያዋ የልብ ፍጥነት መነሻው ድካም፣ ሙቀት፣ ባዶ ሆድ፣ ብዙ ቡና ወይም ምንም የማይታወቅ ነገር ሊሆን ይችላል።

አንድ ጊዜ የደረሰ ጥቃት ይህን ያህል ኑሮን የሚያናጋው ግን እንዴት ነው? መልሱ ያለው ከጥቃቱ በኋላ በተደረገው ነገር ውስጥ ነው። ያን ዕለት ከአውቶቡሱ እንደወረዱ እፎይ አሉ፤ አንጎልዎም «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ብሎ መዘገበ። በሚቀጥለው ቀን አውቶቡስ ባለመሳፈርዎ ገና ከጠዋቱ እፎይታ ተሰማዎት። ሽሽት እንደ አራጣ አበዳሪ ነው፤ ዛሬ እፎይታን ይሰጣል፣ ነገ ከነወለዱ ይቀበላል። ያልተሞከረ ቦታ ሁሉ አደገኛ ሆኖ ይቀራል፤ ክልሉም ከወር ወር ይጠባል። ከአውቶቡስ ተነሥቶ ሰፈር ድረስ የመጣው በዚህ መንገድ እንጂ ሕመሙ አዲስ ነገር ስለጨመረ አይደለም።

ከሽሽቱ ይልቅ ሳይስተዋል የሚቀረው ደግሞ ባለሙያዎች ራስን ከአደጋ የመጠበቂያ ልማድ የምንለው ነገር ነው። የውሃ ጠርሙስ፣ ቦርሳ ውስጥ ያለ ክኒን፣ በር አጠገብ ያለ ወንበር፣ ቻርጅ ያልጎደለው ስልክ፣ የእህት ክንድ፣ በየደቂቃው የልብ ምት መቁጠር፣ መንገድ ላይ ያሉ ክሊኒኮችን በዓይን መፈለግ፤ እነዚህ ሁሉ ለየብቻ ሲታዩ ጉዳት የሌላቸው ይመስላሉ። ቬስትፋል የመዘገባቸው ታካሚዎችም ሰው አብሯቸው ሲሄድ፣ ሰረገላ ከፊታቸው ሲኖር፣ ሌላው ቢቀር በትር ሲይዙ ይቀላቸው ነበር፤ ጥቂት ወይን ወይም ቢራ መጠጣትም ያግዛቸው እንደነበር ጽፏል። ልማዱ የሚጎዳው ለሆነው ነገር ምስጋናውን ስለሚወስድ ነው። ከእህትዎ ጋር ገበያ ደርሰው በሰላም ሲመለሱ «ገበያው አደገኛ አይደለም» የሚለውን አልተማሩም፤ «እህቴ ስለነበረች ተረፍኩ» የሚለውን ነው የተማሩት። በሕክምና ክፍል ውስጥ «እኔ እኮ ሁልጊዜ እወጣለሁ፣ ግን አልተሻለኝም» ከሚሉ ሰዎች ጋር ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የምናገኘው እንዲህ ያለ ልማድ ነው።

ስለ አካል ምርመራ በአጭሩ ልናገር። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የልብ ምት መዛባት፣ የደም ማነስ፣ የውስጥ ጆሮ ሕመም፣ እንዲሁም አንዳንድ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ስሜት ሊያስከትሉ ይችላሉ። የእርስዎ የልብና የደም ውጤት ደህና መሆኑ ጥሩ ነው፤ የእንቅርት ሆርሞን በምርመራው ውስጥ መካተት አለመካተቱን ብቻ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ምልክት ካልመጣ በቀር ያንኑ ምርመራ ለማረጋገጫ ያህል መደጋገም ከላይ ከጠቀስኳቸው ልማዶች አንዱ ስለሚሆን አልመክረውም።

ወደ ሕክምናው ልግባ። ከሥነ ልቦና ሕክምናዎች መካከል ለዚህ ሕመም ጠንካራ ማስረጃ ያለው ሲቢቲ በሚል አጽሮተ ቃል የሚታወቀው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው፤ የእርሱም እምብርት መጋፈጥ፣ ማለትም የሚፈሩትን ቦታና ስሜት ከመሸሽ ይልቅ ሆን ብሎ መቅረብ ነው። ናይስ በመባል የሚታወቀው የብሪታኒያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ለፓኒክ ሕመም (የፍርሃት ጥቃት ለሚደጋገምበት ሕመም)፣ አጎራፎቢያ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ የሚመክረው በድምሩ ከ7 እስከ 14 ሰዓት የሚወስድ ሕክምና ሲሆን በተለምዶ በየሳምንቱ እየተሰጠ በአራት ወር ውስጥ ይጠናቀቃል። ለዓመታት የሚዘልቅ ሕክምና እንዳልሆነ ይህ ያሳያል፤ ነገር ግን በክፍለ ጊዜዎቹ መካከል እርስዎ ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ሰዓቱ ብቻውን ብዙ አይፈይድም።

በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች ከባለሙያው ጋር ሆነው የቅርብ ጊዜ ጥቃትን ደቂቃ በደቂቃ ይዘረዝራሉ፤ ምን ተሰማዎት፣ ምን አሰቡ፣ ምን አደረጉ፣ ከዚያስ ምን ሆነ። ቀጥሎ ብዙዎችን የሚያስገርም ልምምድ ይመጣል። ባለሙያው ለአንድ ደቂቃ ያህል ሆን ብለው በፍጥነትና በጥልቀት እንዲተነፍሱ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ እንዲዞሩ፣ ባሉበት ቆመው እንዲሮጡ ወይም በቀጭን መምጠጫ እንዲተነፍሱ ያደርግዎታል። ዓላማው የሚፈሩትን ስሜት በገዛ ፈቃድዎ አስነሥተው እስኪያልፍ ድረስ አብረውት እንዲቆዩ ነው። «ይኸው ጣቴ ደነዘዘ፤ ልክ እንደ አውቶቡሱ ነው» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይቶም ያልፋል። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ግን ይህን ልምምድ ሐኪም ሳያማክሩ መጀመር የለባቸውም።

ከዚያ በኋላ የሚሸሿቸው ቦታዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ይሰጣል። በእርስዎ ዝርዝር ላይ ብቻዎን እስከ ሰፈሩ መውጫ መሄድ 40፣ ባንክ ውስጥ መሰለፍ 70፣ በተጨናነቀ አውቶቡስ መካከል ቆሞ መጓዝ 100 ሊሆን ይችላል። የአውቶቡሱን ደረጃ ቀረብ አድርጌ ላሳይዎ። ከመሳፈርዎ በፊት በወረቀት ላይ «ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደርስ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ» ብለው ይጽፋሉ፤ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑም 90 በመቶ ብለው ያስቀምጣሉ። ጠርሙሱ ቤት ቀርቷል፤ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነው። ከበሩ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ መደገፊያውን የሚይዙት እንደማንኛውም ተሳፋሪ እንጂ ጣትዎ እስኪነጣ ጨምድደው አይደለም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ልብዎ ይፈጥናል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። አብሮዎት የተሳፈረው ባለሙያ «አይዞዎት፣ ምንም አይሆኑም» አይልዎትም፤ እንዲህ ቢል እርሱ ራሱ ሌላ የውሃ ጠርሙስ ይሆናልና። ይልቁንም «አሁን የሚሰማዎት ምንድን ነው? ቀጥሎ ምን ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ከወረዱ በኋላ ወረቀቱ ይወጣል፤ የተጻፈውና የሆነው ነገር ይነጻጸራሉ። በሚቀጥለው ጊዜ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ መስመር፣ ምናልባትም ድካም በተሰማዎት ቀን ይደገማል።

ቀድሞ የነበረው ትምህርት ፍርሃቱ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ከቦታው አይውረዱ የሚል ነበር። በቦታው መቆየቱ ዛሬም መልካም ነው፤ ነገር ግን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የምትሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ ያደረጓቸው ጥናቶች ትኩረቱን ወደ ሌላ ነገር አዙረዋል። አሮጌው ፍርሃት ከአንጎል አይፋቅም፤ ከጎኑ «ብፈራም የፈራሁት አልደረሰም» የሚል አዲስ ትምህርት ይቀመጣል፤ የሕክምናው ሥራ ይህ አዲሱ ትምህርት እንዲጎለብት ማድረግ ነው። በዚህ ምክንያት እየፈሩ ከአውቶቡስ የወረዱበት ቀን የተሳካ ቀን ሊሆን ይችላል። ታካሚዎች «ዛሬም ፈራሁ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ ከሁሉ አስቀድመን የምናርመው ይህን መለኪያ ነው።

ፍርሃቱ እስኪቀንስ ልጠብቅ ወይ ለሚለው ጥያቄዎም መልሱ ከዚሁ ይገኛል፤ አይጠብቁ። ቅደም ተከተሉ መውጣት ይቀድማል፣ መረጋጋት ይከተላል የሚል ነው። በንግግር ሕክምና የሚታወቀው ሲግመንድ ፍሮይድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1918 ቡዳፔስት ላይ ባደረገው ንግግር እንዲህ ያለ ፍርሃት ያለበት ሰው ወደ ጎዳና ወጥቶ ከጭንቀቱ ጋር እንዲታገል ካልተደረገ ሕክምናው እንደማይሰምር ተናግሯል። ስለ አተነፋፈስና ስለ መዝናናት ልምምዶች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለዕለት ተዕለት ውጥረት አልቃወማቸውም፤ ነገር ግን አውቶቡስ ውስጥ ጥቃትን ለማባረሪያ ከሆኑ ሌላ የመጠበቂያ ልማድ ስለሚሆኑ በመጋፈጡ ሰዓት እንዲቀሩ አደርጋለሁ።

ክሊኒክ መድረስ አለመቻልዎ ሕክምናን የሚከለክል ነገር አይደለም፤ ይህን ሕመም የሚያውቅ ባለሙያ ጥያቄው አያስገርመውም። የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜዎች በስልክ ወይም በቪዲዮ መጀመር ይቻላል፤ አንዳንድ ባለሙያዎችም ታካሚው ቤት ሄደው ከበሩ ይጀምራሉ። በባለሙያ እየታገዙ በኢንተርኔት የሚሰጡ የሲቢቲ ፕሮግራሞችም ለፓኒክና ለአጎራፎቢያ ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ይሁን እንጂ በስክሪን ላይ የሚደረገው ውይይት ከቤት ላለመውጣት ምክንያት እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጀርመን በ369 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ባለሙያው አብሮ ወደ ቦታው ሲወጣና ልምምዱን ክፍል ውስጥ ብቻ ሲያዘጋጅ ያለውን ልዩነት መርምሮ ነበር፤ ሁለቱም ጠቅመዋል፣ ሽሽትን በመቀነስ በኩል ግን አብሮ መውጣቱ በልጦ ተገኝቷል። ስለዚህ በቪዲዮ ቢጀምሩም ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በእግር እየሄዱ በጆሮ ማዳመጫ የሚደረግ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ስልኩ ተዘግቶ የሚደረግ እንዲሆን ይጠይቁ። ወደ ክሊኒኩ የሚወስደው መንገድም ራሱ ከዝርዝሩ ደረጃዎች አንዱ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የሚታዘዙት እንደ ሰርትራሊንና ኤሲታሎፕራም ያሉ ከሱስ ጋር የማይያያዙ የጭንቀትና የድብርት መድኃኒቶች ናቸው። ለውጥ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዳንድ ሰው መቅበጥበጥ ስለሚሰማው ሐኪሞች በአነስተኛ መጠን ይጀምራሉ። ከተሻለዎት በኋላም ለወራት ይቀጥላሉ እንጂ በድንገት አይቆሙም። ሕመሙ ከከበደ፣ ድብርት ከታከለበት ወይም ሕክምናውን ለመጀመር እንኳ አቅም ከታጣ ከሲቢቲ ጋር አብሮ መውሰዱ ተገቢ ነው። እንደ አልፕራዞላምና ዳያዜፓም ያሉት ፈጣን ማረጋጊያዎች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አይዛክ ማርክስና ባልደረቦቹ በለንደንና በቶሮንቶ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመው ጥናት መድኃኒቱ ሲቆም በአልፕራዞላም የተገኘው መሻሻል ጠፍቷል፤ በመጋፈጥ የተገኘው ግን ጸንቶ ቆይቷል። ለጥገኝነትም ያጋልጣሉ። በየቀኑ ሲወስዷቸው የቆዩ ሰዎች ያለ ሐኪም ክትትል በራሳቸው ማቋረጥ የለባቸውም፤ ድንገተኛ ማቋረጥ አደጋ አለው። እርስዎ ክኒኑን ውጠውት ስለማያውቁ የእርስዎ ጉዳይ ይቀላል፤ ክኒኑን ቤት ትቶ መውጣትን በዝርዝርዎ ላይ እንደ አንድ ደረጃ ይጻፉት። ብዙዎች ከአውቶቡሱ ይልቅ ይህ ይከብዳቸዋል።

እህትዎ እስከ ዛሬ ያደረጉት ከፍቅር የመነጨ ነው፤ በድንገት ቢያቆሙ ግን ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ። የእርሳቸው ድርሻ ደረጃ በደረጃ መራቅ ነው። መጀመሪያ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎ በሚከተለው አውቶቡስ ይመጣሉ፤ ከዚያ መድረሻ ላይ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቤት ሆነው ስልክ ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻም እርስዎ መቼ እንደሚመለሱ ሳያውቁ የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። በየደረጃው «ደህና ነሽ?» እያሉ መደወላቸውንም መተው አለባቸው። ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ምኞታቸው ትክክል ቢሆንም መበርታት የሚቻልበትን መንገድ አያሳይም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ተገኝተው ሕመሙ እንዴት እንደሚሠራ ቢሰሙ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈለግባቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ባልተስማማችሁበት ቀን ወደማይችሉት ቦታ በግድ አለመውሰድና በተስማማችሁበት ቀን ደግሞ «ዛሬ ይቅርብሽ» አለማለት።

መጠጥ ለመውጣት ድፍረት እየሆነዎት ከመጣ፣ ከምንም ነገር ደስታ ካጡ ወይም በሕይወት የመኖር ፍላጎትዎ ከቀነሰ ይህን ለባለሙያው በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በአቅራቢያ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ወይም ወዲያው ሊደርስልዎት ወደሚችል ሰው ይሂዱ። እንዲሁም ከዚህ በፊት ከሚያውቁት የተለየ፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚመጣና የማይለቅ የደረት ሕመም በጭንቀት ስም መታለፍ የለበትም።

ከተሻለዎት በኋላም በሕመም፣ በሐዘን ወይም እንቅልፍ ባጡበት ሰሞን አንድ ጥቃት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። እርሱ ብቻውን ሕመሙ አገረሸ ማለት አይደለም፤ ወሳኙ በዚያው ሳምንት ወደዚያው ቦታ መመለስዎ ነው።

ባለሙያ ሲመርጡ የሥነ ልቦና ባለሙያም ሆነ የሥነ አእምሮ ሐኪም ቢሆን አጎራፎቢያን በመጋፈጥ ያክም እንደሆነ፣ አብሮዎት ወደ ውጭ ይወጣ እንደሆነ፣ መሻሻልን በምን እንደሚለካ በግልጽ ይጠይቁት። «መጀመሪያ የልጅነት ታሪክዎን እንጨርስ፤ ዝግጁ ሲሆኑ እንወጣለን» የሚል መልስ ካገኙ ሌላ ሰው ቢፈልጉ ይሻላል። በመጀመሪያው መልእክትዎ ላይ ብቻዎን የት ድረስ መሄድ እንደሚችሉ፣ የትኞቹን ቦታዎች እንደሚሸሹ፣ ምን ይዘው እንደሚወጡና የተደረጉልዎትን ምርመራዎች በጥቂት መስመር ያስፍሩ። ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነና ደረጃ ይኑረው አይኑረው መጠየቅም አያሳፍርም፤ ለመጀመሪያው ቀን በደረጃው ይወጣሉ፤ ሊፍቱ በዝርዝሩ ላይ ተራውን ይጠብቃል።